ተራራው አይሸሽም

ለመሆኑ በእናንተ ቤት የቤተሰብ ጉዞ ሲታሰብ መድረሻውንና ቀኑን የሚቆርጠው ማነው? ስንቁንና ልብሱን የሚያሰናዳውስ? መንገድ ላይ ከቤተሰቡ አንዱ ቢታመም፣ «ይብቃን፣ እንመለስ» ለማለት የሚደፍረው ማን ይሆን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙልንና ለዛሬ ወደ ሕንድ አገር፣ ወደ ሂማላያ ተራሮች አብረን እንዝለቅ።

ታሪኩን ያጫወቱን አንዲት የዚህ ዓምድ የቆዩ አንባቢ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤታቸው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ በሄዱ ጊዜ፣ ወይዘሮዋም ከሰባት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ሁለት ዓመት ዴልሂ ከተማ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው የነበረው የሂንዱ ቤተሰብ አምስት ነፍስ ነው፤ የባንክ ሠራተኛው አባወራ፣ መምህርት ባለቤቱ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅና የአባወራው እናት። አሮጊቷ በጊዜው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ዓይናቸው ሳይከደን አንድ ነገር ብቻ ይመኙ ነበር፤ ይኸውም ኬዳርናትን መሳለም።

ኬዳርናት በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራካንድ ክፍለ ሀገር የሚገኝና ለሺቫ የተሰየመ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,583 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማንዳኪኒ የተባለው ወንዝ ከሚነሣበት አጠገብ፣ በረዶ በለበሱ ተራሮች ግርጌ ቆሟል። ግድግዳው ከግዙፍ ግራጫ ድንጋይ የታነጸ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የሂንዱ ሃይማኖት መምህር የአዲ ሻንካራ ስም ከዚህ ስፍራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሂንዱዎች ከሁሉ አብልጠው ከሚያከብሯቸው 12 የሺቫ መቅደሶችም አንዱ ነው።

ስለ አመሠራረቱ የሚተረከው ታሪክ ራሱ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ማሃባራታ በተሰኘው ጥንታዊ ድርሳን የሚታወቁት አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች በታላቁ ጦርነት የገዛ ዘመዶቻቸውን ከገደሉ በኋላ ጸጸት አላስቀምጥ አላቸውና ሺቫን ይቅርታ ሊለምኑ ወደ ተራራው ወጡ። ሺቫ ግን ፊቱን ሊያሳያቸው ስላልወደደ በሬ መስሎ ተሰወረ። ሲደርሱበትም ወደ ምድር ሰጠመና ሻኛው ብቻ ከላይ ቀረ ይባላል። ዛሬም በመቅደሱ ውስጥ የሚሰገድለት ቅርጹ ሻኛ የመሰለ ቋጥኝ ነው። ዘመድ የበደለ ሰው ይቅርታ ፍለጋ የሚወጣበት ተራራ ነውና፣ ልጅና ምራት፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው መሄዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግሸን ማርያምን ለመሳለም በእግሩ አምባ የወጣ ሰውም የአሮጊቷን ምኞት ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ ጉዞው በግንቦት ወር ይሁን ተባለና ጎረቤቶቹ የእኛን ወይዘሮና ቤተሰባቸውን አብራችሁን ሂዱ ብለው ጋበዟቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምራቲቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዋ ዝግጅት ብቻ ሆነ። የአማቷን የደም ግፊት መድኃኒት ቆጥራ ያዘች፤ ለልጆቹ የሱፍ ካልሲና የዝናብ ልብስ ገዛች፤ ስስ ቂጣ ጋግራ፣ የተቆላ ሽምብራና ዘቢብ ቋጥራ አሰናዳች። መንግሥት ለተጓዦች ያወጣውን ማሳሰቢያ ያነበበችውም እርስዋ ነበረች። ስለዚህ ባሏን፣ «ወደ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሶንፕራያግ አካባቢ ሁለት ሌሊት እንረፍ። በዚያውም ትሪዩጊናራያን የተባለውን መቅደስ እንሳለማለን» ብላ ጠየቀችው። ይህ መቅደስ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ሺቫና ፓርቫቲ የተጋቡበት ነው ተብሎ ይታመናል። የሠርጋቸው እሳት እስከ ዛሬ አልጠፋም ስለሚባል፣ ጎብኚዎች እንጨት ይጨምሩበታል፤ ከአመዱም ለበረከት ይወስዳሉ። ጋብቻቸውን እዚያ የሚፈጽሙ ሙሽሮችም አሉ።

አባወራው ግን፣ «የዓመት ፈቃዴ ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ ዕረፍቱ ይቅር» ሲል ወሰነ። በዚሁ ነገሩ ተዘጋ።

በመጀመሪያው ቀን ከዴልሂ ተነሥተው ሪሺኬሽ አደሩ። በማግስቱ ባጊራቲና አላክናንዳ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ጋንጂስ የሚለውን ስም በሚያገኙበት በዴቭፕራያግ በኩል፣ ገደሉን ተከትለው ማታ ጉፕትካሺ ገቡ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ተነሥተው ጋውሪኩንድ ደረሱ። የመኪናው መንገድ የሚያበቃው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ አቀበት የሚወጣው በእግር፣ በበቅሎ፣ አራት ሰዎች በሚሸከሙት ወንበር ወይም በሰው ጀርባ ላይ በሚታዘል ቅርጫት ነው። አያቲቱ በቅሎ ተከራዩላቸው፤ ሁለቱን ትንንሽ ሴት ልጆች ሸካሚዎች በቅርጫት አዘሏቸው፤ የቀሩት በእግራቸው አዘገሙ።

አንባብያን ሆይ፣ እስቲ ቁጥሩን አስቡት። ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ ከ200 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። የእኛዋ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና እኛ ከፍታን ለምደን አድገናል። ሜዳ ላይ የኖሩ የስድሳ ስምንት ዓመት አሮጊት ግን በሦስት ቀን ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ከለመዱት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። በበቅሎ መቀመጥ እግርን ያሳርፋል እንጂ ለሳንባ አየር አይጨምርም።

መንገዱ እንደ ተጋመሰ አያቲቱ፣ «ራሴን ከበደኝ» ብለው ሻይ አልጠጣም አሉ። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሊንቾሊ ሲደርሱ አስመለሳቸው። ከበቅሎ ወርደው ተቀምጠው እንኳ ትንፋሻቸው እንደ ሯጭ ይቆራረጥ ጀመር። የልጅ ልጃቸውን በአባቱ ስም ጠሩት። አባወራው፣ «አያቶች ሁሉ ስም ያሳስታሉ» ብሎ ሳቀ። ምራቲቱ ግን አልሳቀችም፤ የአማቷን ከንፈር አየች፤ ጠቁሯል። ወዲያው ደግፋ በመንገዱ ዳር ካሉት የሕክምና ጣቢያዎች ወደ አንዱ ወሰደቻቸው። ባለሙያው ኦክስጅን ሰጣቸውና፣ «መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ነው፤ አሁኑኑ ይውረዱ» አለ።

ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ከአቀበቱ ይልቅ የከበደ ነበር። አባወራው፣ «አምስት ኪሎ ሜትር ቀርቶን? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ልከልክላት?» አለ። አያቲቱም ኦክስጅኑን ከአፋቸው አንሥተው፣ «ተዉኝ፤ እዚያ ብሞትም ጽድቄ ነው» አሉ። በዚህ ጊዜ በአሥራ አራት ዓመት የትዳር ዘመኗ አማቷን አንድ ቀን ተቃውማ የማታውቀው ምራት እግራቸው ሥር ተንበረከከችና እንዲህ አለች፤ «እማዬ፣ ለእርስዎ ጽድቅ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ልጆች ግን ይህ ተራራ አያታቸውን ያጡበት ይሆናል። ከፈለጉ ዕድሜ ልክዎን ይቀየሙኝ፤ እኔ ግን ወደ ላይ አላወጣዎትም።»

ማንም አልተናገረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባወራው ራሱ ባለ ወንበር ሸካሚዎችን ጠራ። ሁለቱ ባሎችና ወንዱ ልጅ ደህና ስለ ነበሩ እዚያው ሊንቾሊ አድረው በማግስቱ እንዲወጡ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከአያቲቱና ከትንንሾቹ ጋር እንዲመለሱ ተስማሙ። አያቲቱ ጋውሪኩንድ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ረግቶ ነበር፤ ማታ ጉፕትካሺ ላይ ውኃና ትንሽ የምስር ሾርባ ወሰዱ። ነገር ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ከምራታቸው ጋር አልነጋገር አሉ።

ያረፉበት ቤት ባለቤት የዚያው አገር ሴት ነች። የሆነውን ሰምታ ዝንጅብል ያለው ሻይ ይዛ ገባችና ከአያቲቱ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። ባሏ ኬዳርናት መንገድ ላይ በቅሎ ይነዳ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ወር እንደ ወጣ ቀረ።

ይህን ዘመን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ሰኔ 9 እና 10 ቀን 2005 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በጁን 16 እና 17 ቀን 2013፣ ያለ ወትሮው ፈጥኖ የመጣ ከባድ ዝናብ ከሚቀልጠው በረዶ ጋር ተደምሮ፣ ከመቅደሱ በላይ ያለውን የቾራባሪን ሐይቅ ሞላው። ሐይቁን ያቆመው የአፈርና የድንጋይ ግድብ ተደረመሰና ጎርፉ በመቅደሱ ዙሪያ ያለችውን ከተማ ጠራረጋት። የመንገዱ እኩሌታ ላይ የነበረችው የራምባራ መንደር ፈጽማ ጠፋች። በክፍለ ሀገሩ በጠቅላላው ከ5,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ሳይታወቅ ቀረ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ደግሞ በሠራዊቱና በሌሎች ረዳቶች ከአደጋው ወጣ። የጎርፉ ሰለባዎች ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎች ብቻ አልነበሩም። በአካባቢው ያሉ መንደሮች ወንዶቻቸውን በካህንነት፣ በበቅሎ ነጂነትና በሱቅ ሥራ ወደዚያ ይልኩ ስለ ነበር፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ሴቶች ባል አልባ፣ ብዙ ሕፃናት አባት አልባ ሆኑ።

ባለቤቲቱ ይህን ሁሉ ተናግራ ስታበቃ፣ «ያን ቀን ዝናቡን አይቼ፣ ዛሬ አትውጣ ብዬው ነበር። የቀጠሩኝ ሰዎች ቸኩለዋል አለኝ» አለች። ቀጥላም የአያቲቱን እጅ ይዛ፣ «እናቴ፣ ተራራው አይሸሽም። የሚሸሸው ሰው ነው» አለቻቸው።

አያቲቱ ያን ሌሊት ብዙም አልተኙም። ሲነጋ ምራታቸውን ጠርተው ፀጉራቸውን እንድታበጥርላቸው አዘዟት። እርቁ በዚሁ ሆነ።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ማንዳኪኒን ተሻግረው ኡኪማት ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። ኡኪማት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ለአሮጊት የሚስማማ ነው። እዚያ ያለው የኦምካሬሽዋር መቅደስ ከኬዳርናት ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ኬዳርናት ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም፤ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መግቢያ ተከፍቶ በጥቅምት ወይም በኅዳር መግቢያ ይዘጋል። በረዶው መንገዱን በሚዘጋባቸው ስድስት ወራት የሺቫ ምስል በዝማሬና በአጀብ ተይዞ ወደ ኡኪማት ይወርዳል፤ የክረምቱ አምልኮም እዚያ ይፈጸማል። አያቲቱ ይህን ከመቅደሱ አገልጋይ እንደ ሰሙ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እርሱስ ብርዱ ሲከብድ ይወርድ የለም? እኔ መውረዴ ምን ያሳፍራል?» አሉ። ከዚያም አበባቸውን አኑረው ለረጅም ጊዜ ጸለዩ።

ያን ዕለት ማታ ወንዶቹ ደክመውና ፀሐይ ፊታቸውን ለብልቦት ተመለሱ። ልጁ በጎርፉ ጊዜ ተንከባልሎ ከመቅደሱ ኋላ ቆሞ ውኃውን ለሁለት ከፍሎ ሕንፃውን አተረፈ ስለሚባለው ግዙፍ ቋጥኝ ለአያቱ ሲተርክ አመሸ። አባወራው ግን ብዙ አልተናገረም። በመጨረሻ ባለቤቱን፣ «ሁሉን ያሰናዳሽው አንቺ ነሽ፤ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። በሚመጣው ዓመት እኔ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ፤ አንቺ ትወጫለሽ» አላት።

እንግዲህ አንባብያን፣ ይህች ምራት የተናገረችው አንድ ቃል «ይብቃ» የሚል ነበር። በዚያ ተራራማ አገር ይህን ቃል በመናገር የምትታወቅ ሴት ቀደም ሲልም ነበረች። ከኬዳርናት በስተምሥራቅ፣ በቻሞሊ አውራጃ፣ ሬኒ በተባለች መንደር በመጋቢት 1966 ዓ.ም. ወንዶቹ ከመንደሩ በራቁበት ቀን ዛፍ ቆራጮች መጡ። ጋውራ ዴቪ የተባሉት የመንደሩ ሴት ሌሎቹን ሴቶች አስከትለው ከጫካው ገቡና ከዛፎቹ ጋር ቆሙ፤ ቆራጮቹም ሳይቆርጡ ተመለሱ። ደኑ ከተመነጠረ ናዳና ጎርፍ እንደሚከተል በ1962 ዓ.ም. የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ ባደረሰው ጥፋት አይተውት ነበርና ነው። ዛፍን አቅፎ የመከላከሉ እንቅስቃሴ «ቺፕኮ» ይባላል፤ ትርጉሙም መጣበቅ ወይም ማቀፍ ማለት ነው። እንጨት የምትለቅመው፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት አደጋው ሲመጣ ቀድማ ታየዋለች። በቤትም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛ ምን ያህል እንደ በላ፣ እንዴት እንደ ተነፈሰ የሚያውቀው ስንቁን የያዘው ሰው ነው።

ዛሬ ወደ ኬዳርናት የሚሄደው ሰው በዝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ ወጥቷል። ተጓዥ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። በሄሊኮፕተር የሚወጡም አሉ፤ ሆኖም ሄሊኮፕተር ከሸለቆው አንሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍታው ላይ ስለሚያደርስ ሰውነት የመላመጃ ጊዜ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በአካባቢው ወዳሉት አራት ታላላቅ መቅደሶች ከተጓዙት መካከል ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በልብ ሕመምና በመሳሰሉት የጤና ችግሮች፣ መንገድ ላይ ሞተዋል። ስለዚህ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ወደ ከፍተኛ ተራራ ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ ወደ የትም ይሂድ፣ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው፣ የልብ፣ የደም ግፊት፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር።

ሁለተኛ፤ ከ2,500 እስከ 3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምታድሩበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። የዕረፍት ቀን የባከነ ቀን አይደለም።

ሦስተኛ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማዞር ሲታይ ከዚያ በላይ አትውጡ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ የሚወላገድ ወይም ንግግሩ የሚዘበራረቅበት ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ታች አውርዱት።

አራተኛ፤ ሕፃን ልጅ «ራሴን አመመኝ» ማለት አይችል ይሆናል። ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ የሚል ወይም ጨዋታ የሚተው ከሆነ ሕመም ነው ብላችሁ ተጠራጠሩ። በቅርጫት ወይም በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ስለማይንቀሳቀስ ቶሎ ይበርደዋልና እጁንና እግሩን እየዳሰሳችሁ እዩ።

አምስተኛ፤ በሂማላያ የክረምቱ ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ይበረታል፤ ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም ነው። በዚህ ወቅት ናዳና ጎርፍ ስለሚያሰጋ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያን አትናቁ።

ስድስተኛና ዋነኛው፤ ከቤት ሳትወጡ፣ «እንመለስ» የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ተስማሙ። የእኛ ምክር፣ ከቤተሰቡ ማንም ይህን ቃል ቢናገር ሌላው ሳይከራከር ይቀበለው የሚል ነው።

ወይዘሮዋ ታሪካቸውን የጨረሱት ከቦርሳቸው አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው በማሳየት ነው። በዓመቱ ከዴልሂ የተላከላቸው ነው። ምራቲቱ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ኋላዋ በረዶ የለበሰው ተራራ፣ ፊት ለፊቷ ያ ግራጫ መቅደስ ይታያል። ከእህቷ ጋር ነበር የሄደችው፤ ሁለት ሌሊት ትሪዩጊናራያን አጠገብ አርፈው፣ ከሠርጉም እሳት እንጨት ጨምረው። ባልየው ቃሉን ጠብቆ ልጆቹንና እናቱን እየተንከባከበ ቤት ቀርቷል። በፎቶግራፉ ጀርባ አያቲቱ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉት አንድ መስመር አለ፤ «እኔን ወክላ የወጣችው ልጄ ናት» ይላል። ምራቴ አላሉም።

ውድ አንባብያን፣ በእናንተስ ቤት «ይብቃን» ብሎ ቤተሰቡን ያዳነ ማን ነው? ጻፉልን። ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።